ከለቅሶ በቀር

ሰኞ ጠዋት የሮቤል ፀጉር ቤት ቀይ በራበት። መቀሱና ማሽኑ ውስጥ ናቸው፣ ሮቤል ውጪ ነው፤ ጢማቸውን ሊላጩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከኋላው ቆመው የማይከፈተውን በር አብረውት ያያሉ። ከበሩ በላይ ያለው ቀጭን መብራት ትናንት አረንጓዴ ነበር። ሌሊት ውርጭ ወረደ፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ቅጠል ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ፤ ፀሐይ ስትወጣ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የመንገዱ ዓይን አየው፤ በሩ ተቆለፈ። ማንም አልመጣም፣ ማንም አልተቆጣም። በደብረ ብርሃን ዋና መንገድ ላይ ሱቅ የሚታሸገው እንዲህ በጸጥታ ነው።

«እኔ እኮ እጄ እስኪደነዝዝ ውሃ ስረጭበት ነው ያመሸሁት» አለ ሮቤል፣ ለማንም ሳይሆን።

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው ሌላ ፀጉር ቤት ፍለጋ ሄዱ።

ኤፍራታ ይህን ሁሉ ከጎረቤት፣ ከራሷ ሱቅ ደጃፍ ሆና ታያለች። የሷ መብራት ቢጫ ነው። ቢጫ ማለት ቅጠሉ ታሟል፣ ግን አልሞተም ማለት ነው። የገጽታ ጽሕፈት ቤት በራሱ ቋንቋ «ባለንብረቱ ገና ዕድል አለው» ይለዋል።

ደንቡን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። በዋናው መንገድ ላይ ያለ ማንኛውም የንግድ ቤት ፊቱን ከመሬት እስከ ጣሪያ በሕያው ተክል ያለብሳል። ተክሉ የመብራት ምሰሶው ላይ ላለው ዓይን ቀንም ሌሊትም መታየት አለበት። በሸራ፣ በላስቲክ፣ በጨርቅ መጋረድ ማጭበርበር ነው፤ የጋረደ ሱቅ ያኔውኑ ይቆለፋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደንቡ «ከለቅሶ በቀር» ይላል። ይህቺ ነገር የገባችው በአንድ ሌላ ከተማ ተቆጣጣሪዎች የለቅሶ ድንኳን ከግድግዳ ላይ ሊያነሡ ሄደው፣ ለቀስተኛው የተቀመጠበትን ወንበር እያነሣ ካባረራቸው በኋላ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለሐዘን ሦስት ቀን ፈቀደ። ለውርጭ ግን አንድ ሌሊትም አልፈቀደም።

የኤፍራታ ሱቅ የሚሸጠው ብርድ ልብስ ነው። ቆሽቷን የሚያሳርራትም ይኸው ነው። ውስጥ ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፤ ውጪ ግድግዳዋ በብርድ ያልቃል፤ አንዱን አውጥታ ጣል ብታደርግበት ሱቋን ታጣለች። ሱቁ የእናትና የአባቷ ነበር። የምትኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ መግቢያዋም ያው የሱቁ በር ነው። ቀይ የበራበት ሰው አዲስ ተክሎ፣ ተክሉ ፀድቆ እስኪታይ ድረስ በሩ አይከፈትለትም፤ በዚህ ብርድ ደግሞ አዲስ ተክል አይፀድቅም። ስለዚህ መብራቱ ከተለወጠባት ሥራዋንም ቤቷንም በአንድ ጠዋት ታጣለች። ወንድሟ ኪሩቤል ከሄደበት ሲመለስ የሚያውቀው በርም ይህ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ነገሩን ያከፋው ምናብ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሰኔ ላይ፣ የሱቆች ግድግዳ አረንጓዴ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃና «ምናብ የተሞላበት» መሆን እንዳለበት አስታወቀ። ምናብ የሌለው ግድግዳ ነጥብ ያጣል፤ ነጥብ ያጣ ቢጫ ይበራበታል። መንገዱ ሁሉ ተያይዞ ምናብ ፍለጋ ገባ። መድኃኒት ቤቱ ከቅጠል እባብ ሠራ። ሥጋ ቤቱ በሬ ሞከረ፤ ውሻ ወጣለት። ሮቤል ጥርሱ እስከ መስኮቱ የሚደርስ ትልቅ ማበጠሪያ ተከለ፤ ሰው እያየ መሰላል ነው ወይ ይለዋል።

ኤፍራታ በመጀመሪያ ያሰበችው ጦስኝና አሪቲ ነበር። ሁለቱም የዚህ አገር ብርድ ያሳደጋቸው ናቸው፤ ውርጭ ቢወርድባቸው ደንታም የላቸው። ጽሕፈት ቤቱ መለሰባት። አሪቲ ብርማ ነው እንጂ አረንጓዴ አይደለም ተባለች፤ ጦስኙን ደግሞ ዓይኑ ደረቅ ሣር ነው ብሎ ያነበዋል። ጎመንስ፣ አለች፤ ጎመን ብርድ ይወዳል። የሚበላ ነገር ግድግዳ ላይ አይተከልም ተባለች። የቀረው ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ ለምለም፣ ቆላ የለመደ ሐረግ ብቻ ነው፤ ያውም ኅዳር ላይ ውሃ ባልዲ ውስጥ በሚረጋበት ከተማ።

እሷም እሺ ብላ ከሐረግ ብርድ ልብስ ሠራች። ከጣሪያ እስከ መሬት የተዘረጋ፣ መደቡ ጥቁር አረንጓዴ፣ በላዩ ቀይ ቅጠል በቁምና በአግድም የሚሄድበት፣ ልክ መደርደሪያዋ ላይ እንዳሉት ያለ ብርድ ልብስ። ተክሎቹ የተቀመጡባቸውን ኪሶች ከፋብሪካ በተረፈ የብርድ ልብስ ቁርጥራጭ በእጇ ሰፋቻቸው፤ ቁርጥራጩ ውሃ ይይዛል፣ ሥርም ይወደዋል። ጠርዙን ነጣ ባለ ቅጠል ዘመዘመችው። በስተቀኝ ያለውን የታች ጥግ ደግሞ ወደ ላይ እጥፍ አድርጋ ገለጠችው፤ ያየው ሰው አንድ የተኛ አሁን ከሥሩ ተነሥቶ የወጣ ይመስለዋል።

ያ ጥግ የኪሩቤል ነው። ልጆች ሆነው የሚተኙት በአንድ ብርድ ልብስ ነበር። እሱ ቀድሞ ይነሣና የራሱን በኩል እንደገለጠው ይሄዳል፤ እሷ በብርድ ትነቃለች። ስትነጫነጭበት «ተነሺ ማለቴ እኮ ነው» ይላታል።

አሁን ኪሩቤል በሩቅ ምሥራቅ የባሕር ግንብ ይሠራል። የሚሰጥሙ ከተሞች ብዙ ስለሆኑ ለግንበኛ ሥራ አይጠፋም፤ ከደብረ ብርሃን ብቻ የሄደው ልጅ አንድ ሰፈር ይሞላል። እሑድ እሑድ ድምፁን ይልክላት ነበር። ከነሐሴው ማዕበል በኋላ ቆመ። መስመር ተቆርጧል ተባለ፤ ኤፍራታም መስመር ነው ብላ ያዘች። ሰው በጠየቃት ቁጥር «መስመር ነው» ትላለች፤ ሰውም «አዎ፣ መስመር ነው» ይላታል።

ይህን የምትለው ራሷን ለማታለል ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አላት። ከሩቅ የሚመጣ የሞት ዜና በቀጥታ ለቤተሰብ አይላክም። ከመሣሪያ መርዶ መስማት የሚፈልግ ሰው ስለሌለ፣ ዜናው ለእድር ዳኛ እንዲደርስ አገሩ ሁሉ ገና ድሮ ተስማምቷል። ዳኛው ዘመድ ሰብስቦ፣ ጊዜ መርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳል። የኤፍራታን በር ማንም አላንኳኳም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናትናኤል ግድግዳውን ስትሠራ በየቀኑ እየመጡ መሰላሉን ይይዙላት ነበር፤ አንድም ቀን ክፉ አልነገሯትም። ስለዚህ ኪሩቤል ደህና ነው።

ሮቤል የተቆለፈ በሩን ማየት ሲሰለቸው ወደሷ መጣ።

«ብርዱ ዛሬ ትንሽ ይቀላል አሉ። ነገና ከነገ ወዲያ ግን መዓት ነው።»

«ሰማሁ።»

«ሐሙስ ደግሞ የምናብ ኮሚቴው ይመጣል።»

«እሱንም ሰማሁ። ሌላ የምትነግረኝ የምሥራች አለህ?»

ሮቤል የግድግዳዋን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ አየው። ጠርዙ ጠቁሯል። «አንድ ሌሊት ይችል ይሆናል» አለ። «ሁለት አይችልም። ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«ውሃ እንዳልረጭ ባንተ አየሁት። እሳት እንዳላነድ ጢሱ ሲጋርደው ዓይኑ ማጭበርበር ነው ይላል።»

«እንግዲህ አንድ ሰው ካልሞተልሽ በቀር...» ብሎ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። ከጠዋት ጀምሮ ሁለቱም አልሳቁም ነበር። «ሬሳውን ከየት ላምጣው?»

«ለመርዶ ምን ሬሳ ያስፈልጋል? የሩቅ ሰው ከሆነ እኮ...» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ። «ይቅር በይኝ፣ ኤፊ። አፌን ይቁረጠው። ብርዱ ነው ያስለፈለፈኝ።»

«ግድ የለም» አለችው። ሮቤል ተሸማቆ ሄደ፤ የተናገረው ነገር ግን ከሷ ጋር ቀረ።

እስከ ምሳ ሰዓት ስትታገለው ቆየች። አንድ ደንበኛ ብርድ ልብስ ሊገዛ መጥቶ ያዘዘውን ትታ ሌላ ሰጠችው። ሦስት ቀን ድንኳን፤ ግድግዳውን አስጠግቶ የተተከለ ወፍራም የእድር ድንኳን፤ ውስጡ ሰው የሞላበት። ከዚያ የበለጠ ሽፋን የለም። ዳኛው «ለቅሶ ነው» ካለ ዓይኑ ይጨፈናል፣ መብራቱም ነጭ ይሆናል፤ ማንም አይጠይቅም። ቤተሰቧ ውስጥ በሩቅ ያለ ሰው ኪሩቤል ብቻ ነው። ሐሳቡን ታባርረዋለች፤ ቀና ብላ ቢጫውን መብራት ስታይ ደግሞ ይመለስባታል።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናትናኤል ቤት ሄደች።

ጋሽ ናትናኤል ጡረታ የወጡ የባቡር ነጂ ናቸው። በሳቸው ዘመን ባቡር አርፍዶ አያውቅም ይባላል። የገዛ ወንድማቸው እንኳ ለጎረቤት ቀብር አንድ ደቂቃ ቢዘገይ በእድርተኛው ፊት አቁመው ቀጥተውታል። ውሸት ይዞ ፊታቸው መቅረብ ቀላል አይደለም።

«ግቢ፣ ልጄ። ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አለች። አልበላችም።

ባለቤታቸው እትዬ ሶልያና እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀበሏት፤ መከዳውን አመቻቹላት፣ ጋቢ ጣሉባት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ጋሽ ናትናኤል፣ የማይጠየቅ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። ይቆጡኝ፣ ግን እስክጨርስ ይስሙኝ።»

«ተናገሪ።»

«ነገ ጎሕ ሲቀድ መጥተው መርዶ እንዲያረዱኝ ነው።»

ጋሽ ናትናኤል ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት አስያዙት። «የማን?»

«የኪሩቤል።»

ጓዳ ውስጥ ይንቀሳቀስ የነበረው ዕቃ ዝም አለ። ኤፍራታ ዝምታውን ቁጣ መስሏት አፏ እንደመጣላት ቀጠለች። «ሦስት ቀን ብቻ ነው። ድንኳኑ ግድግዳውን ይሸፍንልኛል፣ ውርጩ ያልፋል፣ ሐሙስ ኮሚቴው አይቶ ይሄዳል። ከዚያ ተሳስተን ነው እንላለን፤ ተሳስቶ የተረዳ ሰው ሞልቷል። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ኪሩቤል ቢሰማ ይስቅብኛል እንጂ አይቀየመኝም፤ ያውቁት የለ?»

«አውቀዋለሁ» አሉ።

«ቤቱም የሱ ነው። ቢመጣ የት ይገባል?»

ኤፍራታ ከቤቴ ውጪ እስኪሏት ጠበቀች። እሳቸው ግን «እሺ» አሉ።

ጆሮዋን አላመነችም። «እሺ?»

«ነገ ጎሕ ሲቀድ እንመጣለን።»

«አንድ ነገር ነው የሚያስፈራኝ» አለች፣ አሁን እሷ የምትከራከር ሆነች። «ሞተ ከተባለ ስሙን ይሰርዙታል። ሲመለስ ድንበር ላይ አንተ ሟች ነህ ቢሉትስ?»

«በስሙ በኩል የሚመጣብሽ ነገር የለም። እሱን ለኔ ተዪው።»

«ያስተካክሉታል?»

«ለኔ ተዪው አልኩሽ፣ ልጄ።»

«አክስቴ እቴቴ ሜላትም እንዳትሰማ። ደሴ ድረስ ወሬው ከሄደ እውነት ነው ብላ ልቧ ይቆማል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ኪሩቤልን የምታየው እንደ ልጇ ነው።»

«እሺ» አሉ አሁንም። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው፣ «ዛሬ ብቻሽን አትደሪ፤ ሶልያና መጥታ ታድርልሽ» አሏት።

«ለውሸት ለቅሶ?» ለመሳቅ ሞከረች።

ጋሽ ናትናኤል አልሳቁም። «ብርድ ነው» አሉ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ መጀመሪያ ቀለላት። ቤቷ አይታሸግም፤ ግድግዳዋ አይሞትም። ጥቂት እንደሄደች ግን በሽማግሌው ተናደደች። ለአንድ ደቂቃ ወንድማቸውን የቀጡ ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠየቁ አንዲት ቃል ሳይከራከሩ እሺ ይላሉ? ክብራቸው ይህችን ያህል ነው? የሰፈሩ ሰው እሳቸውን ፈርቶ ሲሽቆጠቆጥ የኖረው በከንቱ ነበር አለች በልቧ፣ እና ጥቂት ቆይታ የናቀቻቸው እሷን ስለረዷት መሆኑ ትዝ ሲላት አፈረች።

እትዬ ሶልያና ገና ሳይመሽ አጥሚት ይዘው መጡ። ካልጨረስሽው ብለው ችክ አሉ። ስትጠጣ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል፤ ቀና ስትል ሌላ ነገር ያያሉ። ኤፍራታ ውሸቱን ያውቃሉ አያውቁም ብላ ትጨነቃለች፤ መጠየቅ ደግሞ ፈራች። መብራቱን ከማጥፋታቸው በፊት ፀጉሯን ጎንጉነው አስያዙላት። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም።

በሩ ሲንኳኳ ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር። ኤፍራታ ለብሳ ነው ያደረችው። የሚሆነውን በሐሳቧ ስትደጋግመው አድራለች፤ ጋሽ ናትናኤል «ልጄ፣ ጽኚ» ይላሉ፣ እሷ ትጮኻለች፣ ወጣቶቹ ድንኳኑን ይተክላሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳው ተጋርዶ ይገኛል። በሩን ከፈተች። ሽማግሎቹ ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ትንፋሻቸው ይጨሳል። ከኋላቸው ወጣቶች የድንኳን እንጨት ተሸክመዋል። ሮቤል ከነሱ ጋር ነው። ሲያያት ከእንጨቱ ኋላ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሳት።

ጋሽ ናትናኤል ኮፍያቸውን አወለቁ። «ልጄ ኤፍራታ፣ ጽኚ።»

«ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን! ኪሩቤል!» ድምፁ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ፤ ማዶ ያለ መስኮት ተከፈተ። ደረቷን እየመታች ወደ ምሰሶው ሰረቅ አድርጋ አየች። ዓይኑ ወደሷ ዞሯል። ይስማ አለች፤ ፊቷን በእጇ ሸፍና እንደገና ልትጮኽ ስትል በጣቶቿ መሃል ሽማግሎቹን አየች፣ ከሽማግሎቹ ኋላ ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ አንዲት ሴት አየች።

አክስቷ ሜላት ናቸው። የደሴው ባቡር የሚገባው ከጎሕ በፊት ነው።

ኤፍራታ እጇን ከፊቷ አወረደች። «እቴቴን ማን ነገራት?»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሽ ናትናኤል፣ ተስማምተን አልነበረም እንዴ? እንዳትሰማ ብዬ ለምኜዎት አልነበረም?» ሽማግሎቹን ገፍታ አክስቷ ዘንድ ደረሰች። «እቴቴ፣ እንዳትደነግጪ፤ ውሸት ነው። የግድግዳው ጉዳይ ነው፣ በኋላ አስረዳሻለሁ። ውሸት ነው።»

አክስቷ አልደነገጡም። ዓይናቸው አብጧል፤ ያበጠው ደግሞ ዛሬ አይደለም። በሁለት እጃቸው የኤፍራታን ፊት ያዙ። «ልጄ» ብቻ አሉ።

«ውሸት ነው አልኩ እኮ!»

«ከመስቀል በፊት ነው የደረሰኝ» አሉ ጋሽ ናትናኤል ከኋላዋ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር። «ማዕበሉ ግንቡን ከነሠራተኛው ነው የወሰደው። አንቺ ግድግዳውን ጀምረሽ ነበር። ትጨርሰው፣ ኮሚቴው ይለፍላት፣ ወንድሟን ባጣች ቤቷንም አትጣ አልን። ለዓርብ ጎሕ ከሜላት ጋር ተቀጣጥረን ነበር። አንቺ ቀድመሽ መጣሽ።»

«መሰላሉን ይይዙልኝ ነበር» አለች ኤፍራታ። «ጥጉን ስሠራ እዚህ ቆመው ነበር። ለሱ ነው ብዬዎት ጥሩ ነው አሉኝ።»

«አዎ።»

«ትናንት ቁጭ ብዬ ስለምንዎት ዝም ብለው ሰሙኝ!»

«ብቻሽን፣ በቀን፣ ዘመድ ሳይኖርሽ እንዴት እነግርሻለሁ?» አሉ። የሚያውቁት ደንብ ይህ ነው። በሳቸው ዘንድ ከዚህ ሌላ መልስ አልነበረም።

ሮቤል እንጨቱን ከትከሻው ላይ አውርዶ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እሱም አሁን ነው የሚሰማው።

ኤፍራታ ልትጮኽ ፈለገች። ሁለተኛው ጩኸት አልወጣም፤ ያላትን ድምፅ ሁሉ በመጀመሪያው ጨርሳዋለች። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ወጣቶቹ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ሽማግሎቹን ያያሉ፤ በምሥራቅ በኩል ሰማዩ እየቀላ ነው። በመጨረሻ አክስቷ ነጠላቸውን አጠበቁና «ምን ትጠብቃላችሁ? ትከሉት» አሉ።

ድንኳኑ ግድግዳውን ተጠግቶ ተተከለ። መብራቱ ነጭ ሆነ።

በዚያ ሌሊትና በማግሥቱ የወረደው ውርጭ በመንገዱ ላይ አንድም ቅጠል አልተወም። የመድኃኒት ቤቱ እባብ ጠቁሮ ተሰቀለ። የሥጋ ቤቱ ውሻ ረገፈ። በየጠዋቱ የሚቆለፍ በር ድምፅ ድንኳኑ ድረስ ይሰማል፤ ለቀስተኛው እርስ በርሱ ይተያያል፣ ከመካከሉ ባለሱቅ የሆነው ሹልክ ብሎ ይወጣል። ድንኳኑ ውስጥ ግን ሙቀት ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ ያድራል፣ ሰው ይተነፍሳል፣ ሻይ ይፈላል። ኤፍራታ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ቅጠሎቹ ማጅራቷን ይነኩታል። ለምልመዋል። አዲስ ቀንበጥ ያወጣም ነበር። ጠላቻቸው። ተነሥታ በሁለት እጇ ልትነቅላቸው እየፈለገች ተቀምጣ ዋለች፤ ለምን እንዳልነቀለቻቸው ራሷም አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ድንኳኑ ሲነሣ ኮሚቴው መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጨዋዎች ናቸው። በመጀመሪያ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጽናሽ» አሏት። ቀጥለው ግድግዳውን አዩ። በመንገዱ ላይ በሕይወት ያለ ግድግዳ ይህ ብቻ ነው። ለምናብ ሙሉ ነጥብ ተሰጠው። አንደኛው፣ ወጣት ነው፣ እየተሽኮረመመ «ካላስቸገርንሽ ከግድግዳሽ ጋር ፎቶ እንድናነሣሽ» አላት። ኤፍራታ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ቆመችለት። መብራቱ አረንጓዴ በራ፤ እሷ ቀና ብላ አላየችውም።

ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ ክፍት የሆነው የሷ ሱቅ ብቻ ስለነበር ሮቤል ወንበሩን አምጥቶ እሷ ዘንድ መዋል ጀመረ። ደንበኞቹን እዚያው በብርድ ልብስ መደርደሪያው ጥግ ይላጫል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰው ሳይኖር መቀሱን እየወለወለ «ኤፊ» አላት።

«አቤት።»

«ጋሽ ናትናኤል ዘንድ የሄድሽ ጊዜ ምን ብለሽ ነበር የጀመርሽው?»

ኤፍራታ ብርድ ልብስ ታጥፍ ነበር፤ እጇ ቆመ።

«እንዳትቆጪኝ» አለ ሮቤል ፈጠን ብሎ። «ችግኝ አግኝቻለሁ። ሦስት ቀን ቢጋረድልኝ ሥር ይይዝ ነበር፤ በሬም ይከፈት ነበር። እህቴን፣ ማራኪን ብዬ ነው። ያንቺው ሌላ ነገር ነው፣ እግዜር ነፍሱን ይማረው፤ ማራኪ ግን ደህና ናት። እዚያ ሰሜን አገር ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ ፈረቃዋ ሌሊት ሌሊት ነው፣ ለዚያ ነው የማትደውለው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማትደውለው?»

«ትንሽ ቆየች። ሥራ ነው እኮ።»

ኤፍራታ ብርድ ልብሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ወደሱ ዞረች። ድምፅዋ ከለቅሶው ወዲህ እንደ ሻከረ ነው።

«እምቢ ካሉህ ግድ የለም» አለችው። «ተቆጥተው በከዘራ ካባረሩህ ደስ ብሎህ ወደ ቤትህ ግባ። እሺ ቢሉህስ?»

ሮቤል መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። በበሩ መስታወት በኩል ጋሽ ናትናኤል ከመንገዱ ማዶ ሲመጡ ይታያሉ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው መኖሩን አይተው እንደ ልማዳቸው ኮፍያቸውን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡ፣ ከዚያ መንገዱን ተሻገሩ። ሮቤል ከወንበሩ ተነሣ። ወደ ብርድ ልብሶቹ ኋላ ገብቶ ጎንበስ አለ።

«የለም በያቸው» አለ።